እትዬ ለተብርሃን ምድጃችንን ያቀጣጠሉበት ዓርብ

ባለፈው ኅዳር ተማሪዎቼን ይዤ ቦይ ላይ የቆመ አንድ አሮጌ ጀልባ ልናይ ሄድን። ሳይንስ የማስተምረው ዴን ሃግ ውስጥ፣ ሙርዋይክ በሚባለው ሠፈር ነው፤ ተማሪዎቼ ራዲያተር ሲሞቅ እንጂ ምድጃ ሲቀጣጠል አይተው አያውቁም። የጀልባው ባለቤት፣ አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ፣ ከወለሉ በታች ያለውን ምድጃ ሊያበራ ክዳኑን ሲከፍተው የናፍጣ ሽታ ወጣ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ወደ ምድጃው ጠጋ ብዬ በረጅሙ ተነፈስኩ።

«መምህርት፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

አላመመኝም። አንድ ክረምት መጣብኝ እንጂ። ለልጅቷ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልመልስላት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ፣ እዚህ ከሥሩ ጀምሬ በሥርዓቱ ልጻፈው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሮተርዳም ውስጥ፣ ሻርሎይስ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ እኔ፣ አባዬና እማዬ። በዚያ ጊዜ አብዛኛው ቤት ጋዝ ገብቶለታል። የእኛ ግን ይታደሳል እየተባለ ዓመት ከዓመት የሚታለፍ አሮጌ ቤት ስለነበር፣ ሳሎኑን የሚያሞቀው አንድ ቡናማ የናፍጣ ምድጃ ነበር። ሆላንዶቹ ካኸል ይሉታል፤ እኛም ካኸል እንለው ነበር።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ይህ ካልገባ የቀረው ታሪክ አይገባም። ምድጃው ከኋላው የናፍጣ ማጠራቀሚያ አለው። ከማጠራቀሚያው ታችኛው ጫፍ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ናፍጣውን ወደ ምድጃው ሆድ ይወስዳል። ሆዱ ውስጥ ድስት የመሰለ ክብ ብረት ተቀምጧል። ፊት ለፊት ያለውን ማዞሪያ ሲከፍቱት ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርድና ድስቱ ሥር ትንሽ ኩሬ ይሠራል። እዚያ ላይ የተቀጣጠለ ነገር ይጣልበታል። ናፍጣው ሲሞቅ ይተናል፤ የሚነደው እንግዲህ ትነቱ ነው። ጭሱን የጭስ ማውጫው ወደ ጣራ ይስበዋል። ፓምፕ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው፤ እንደዚህ ቀላል ነገር ነው።

ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! ምድጃው የቤቱ ባለቤት ትቶብን የሄደ እንስሳ ይመስለኝ ነበር። ናፍጣ ሲሞላለት ጉሮሮው ጉልክ ጉልክ ይላል። ሲሞቅ ብረቱ ይንቋቋል። ከወንዙ በኩል ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ድንገት «ድው!» ብሎ በበሩ ስንጥቅ ጥላሸት ይተፋል። እማዬ በዚያ ድምፅ በደነገጠች ቁጥር «ይሄ ነገር ደኅና መንፈስ የለበትም» ትል ነበር። አባዬ የደብተራ ልጅ ነው፤ ያደገው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ሮተርዳም ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ ያጥባል። ጠዋት ጠዋት ክብሪት ከመጫሩ በፊት አማትቦ ነበር ምድጃውን የሚያበራው። እኔም ሳላማትብ የሚበራ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ክረምት፣ በጾመ ነቢያት መካከል፣ ወንድሜ ተወለደ። አባዬ ከሆስፒታል ሲመለስ «ጊዜው ሳይደርስ መጣ» አለኝ። እኛ ቤት ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር፣ የሆላንዶቹና የእኛው፤ የእኛው ሁልጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ስለዚህ ወንድሜ በስሕተት የሆላንዶቹን አይቶ የተነሳ መሰለኝ።

«የኛው እስኪደርስ ለምን አልጠበቀም?» አልኩት።

አባዬ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ቸኩሎ ነው» አለ።

ሆስፒታል ወስዶ ሲያሳየኝ ልጆች ወደ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድላቸው በመስታወት ማዶ ነበር ያየሁት። ወንድሜ ራሱ ደግሞ ሌላ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ብርቱካን የምታህል ጭንቅላቱ ላይ የሱፍ ኮፍያ አድርገውለታል። መዳፌን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። እሱም እንደዚያ የቀዘቀዘ መሰለኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ወንድሜን መንካት።

እማዬም ከወሊዱ በኋላ ትኩሳት ይዟት እዚያው ቀረች። አባዬ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ ሆነ። እኔን ከታች ያለው ፎቅ ላይ፣ እትዬ ለተብርሃን ዘንድ አስቀመጠኝ፤ ምድጃችንም ጠፍቶ ሰነበተ።

እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው። ልጅ ሳሉ አንድ ጣሊያን ዳቦ ቤት ተቀጠሩ። ኋላም አዲስ አበባ መጥተው ብዙ ዓመት በዳቦ ቤት ሠርተዋል፤ አማርኛቸውም ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ባወቅኋቸው ጊዜ ቢሮ ያጸዱ ነበር። አጭር ናቸው፣ ደንዳና፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። የግራ ቅንድባቸው ግማሹ የለም። ሌላ የኤርትራ ሰው ስለማላውቅ፣ እዚያ አገር ሁሉም ሰው ቅንድቡ አንድ ተኩል ይመስለኝ ነበር።

እኔ አፌን የፈታሁት ሆላንድ ነውና ለትልቅ ሰውም «አንቺ» ነበር የምለው። አባዬ በሰማ ቁጥር «እርስዎ በይ!» ይላል። እሳቸው ደግሞ «ተዋት፣ አንቺ ስትለኝ እኔም ልጅ እሆናለሁ» ይሉታል። ማታ ማታ ሊጥ ሲያቦኩ ጥግ ላይ ሆኜ አይ ነበር። ውሃውን በእጃቸው ሙቀት፣ ሊጡን በጣታቸው ድምፅ ይለዩታል፤ ጣታቸውን ጠቅ አድርገው ሲያወጡት ሊጡ «ጵ» ካለ ደርሷል ማለት ነው። እኔም ጠቅ አድርጌ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። ለእኔ ምንም አይልም ነበር።

የገና ሰሞን ሲደርስ ብርዱ ጠነከረ። ቦዮቹ ሁሉ በረዶ ሆኑ፤ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ከሥራ ቀርተው በላያቸው ይንሸራተታሉ። በዚያው ሳምንት ከሆስፒታሉ መልእክት መጣ፦ ሕፃኑ በርትቷል፣ እናቱም ተሽሏታል፤ ቤታቸው መግባት ይችላሉ። ነገር ግን ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ሃያ ዲግሪ መሞቅ አለበት። የሠፈሩ ነርስ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጥታ ታያለች። ካልሞቀ የምትመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

የእኛ ገና ሰኞ ይውል ነበር። ዓርብ ካልተሳካ ወንድሜ ገናን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሊውል ነው ማለት ነው። እትዬ ለተብርሃን ዘንድ እንዳናስተኛው የቤት ተጋሪያቸው ክረምቱን ሙሉ ይስል ነበር። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብንሰካ የሕንጻው መብራት ይጠፋል። ያለን ካኸሉ ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እኔና እትዬ ለተብርሃን ሻይ ስንጠጣ፣ ከላይ የአባዬ ኮቴ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማን ነበር። ከዚያ የተቃጠለ ወረቀት ሽታ በደረጃው ወረደ። እትዬ ለተብርሃን ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ይሄ የሚነድ ምድጃ ሽታ አይደለም። የሚለመን ምድጃ ሽታ ነው። ነይ እንውጣ።»

ሳሎናችን ውስጥ ትንፋሻችን ይታይ ነበር። የመስኮቱን መስታወት ብርዱ አበባ አበባ ሥሎበታል። አባዬ ምድጃው ፊት ተንበርክኳል፤ ዙሪያውን ግማሽ የተቃጠለ ጋዜጣና የክብሪት እንጨት ሞልቶታል።

«ምን ሆንክ፣ ወደይ?» አሉት። ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው።

«እምቢ አለኝ እኮ፣ እትዬ! ወረቀቱ ይነዳል፣ ጭስስ ይልና ይጠፋል። አሁን ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ...»

«እጅህን አንሣ!»

እትዬ ለተብርሃን ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባዬ እጁን እንደ ልጅ ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ነርሷ እኮ ዛሬ ናት የምትመጣው!»

«ትምጣ። አንተ ግን ቅንድቤን እየው። ይሄን የወሰደው ምን ይመስልሃል? አንድ እንዳንተ የቸኮለ ሰው፣ ያልተቀጣጠለ ምድጃ ላይ ናፍጣ ሲጨምር ሲጨምር ውሎ፣ መጨረሻ ላይ ሲይዝለት ዳቦ ቤቱን ከነእኔ ሊወስደው ነበር። ያልነደደ ምድጃ ላይ ናፍጣ አይጨመርም። መጀመሪያ ይጠየቃል።»

የአስመራ ሰው ቅንድብ ምስጢር በዚህ ተፈታልኝ። ትንሽ ማዘኔ አልቀረም።

ከዚያ ያደረጉትን ዛሬም ሳስበው እገረማለሁ። እኔ አሁን የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን እንደ እሳቸው ተረጋግቼ አስተምሬው አላውቅም። ማዞሪያውን ዘጉ። ነጠላቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አጣጠፉ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እሳት የሚነድ ይፈልጋል፣ የሚተነፍሰው ይፈልጋል፣ የሚያስነሳው ይፈልጋል። ክብሪት አለን፤ የሚያስነሳውን ተወው። ትንፋሹን እንይ። ያን ጧፍ ስጠኝ።»

አባዬ ሥዕለ አድኅኖው ፊት የሚያበራውን ጧፍ ለኩሶ ሰጣቸው። እሳቸው ወደ ምድጃው በር አስጠጉት። የጧፉ ነበልባል ወደ ውስጥ ተለጠጠ፤ አንድ ሰው ከውስጥ የሚስበው ይመስል ነበር።

«ጭስ ማውጫው ይተነፍሳል። እሱን ተወው። ናፍጣ አለው?»

«ትናንት ማታ ሞላሁት።»

«ሞላሁት ያልከውን አልጠየቅኩህም።» የእማዬን ረጅም የእንጨት ማማሰያ ወደ ማጠራቀሚያው ከተው አወጡ። ከግማሽ በላይ ረጥቧል። «አለው። ድስቱ ጋስ ደርሷል?» በባትሪ ወደ ሆዱ ውስጥ አበሩ። ከሥር የሚያብረቀርቅ ኩሬ ታየ። «ደርሷል።»

አባዬ ትዕግሥቱ አለቀ። «ትንፋሽ አለ፣ ናፍጣ አለ፣ ደርሷል፣ እሳት አለ። ታዲያ ለምን አይነድም?»

«የደረሰው ማን እንደሆነ ገና አልጠየቅነውማ» አሉ።

ጣታቸውን ድስቱ ውስጥ ነክረው አወጡ። በአውራ ጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሶስና፣ ጓለይ፣ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አለ? ሁለት አምጪልኝ።» ወደይ ለወንድ ልጅ እንደሆነ፣ ጓለይ ለሴት ልጅ ነው።

ጠርሙሱን ማጠራቀሚያው ሥር ካለች ትንሽ ብሎን ታች ያዙና ብሎኗን ላላ አደረጉ። ጠርሙሱ ሞላ። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ብርሃን ያለበት አስቀመጡት።

«አሁን ማንም እንዳይነካው። ራሱ ይናገራል።»

ሦስታችንም ቆመን አየን። እዚያ አገር የቤት ናፍጣ ለመኪና እንዳይሸጥ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ድፍርስ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ መልኩን ለየ፤ ቀዩ ወደ ላይ ወጣ፣ ከሥር ደግሞ ምንም መልክ የሌለው ጥርት ያለ ነገር ቀረ። በመካከላቸው ያለው መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። እንደዚያ የሚያምር ነገር ቤታችን ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«ውሃ» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

አባዬ ከቆመበት ዘለለ። «ያ ሌባ! ያ መንገድ ጥግ ያለው ናፍጣ ሻጭ! ስደተኛ ናቸው ብሎ ውሃ ሸጠልን! ዛሬ ፊቱ ላይ ነው የምደፋበት!» አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቷል።

«ቁጭ በል። ሰው ከመስደብህ በፊት ጀሪካኑን እየው።»

በረንዳ ላይ ከነበረው ጀሪካን፣ ከዚያው ሰውዬ ከተገዛው፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ ሞልተው ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀመጡት። ጠበቅን። ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። መስመር የሚባል የለውም።

«ሰውዬው ንጹሕ ነው» አሉ። «ውሃው የገባው እዚህ ቤት ነው።»

«በእመቤቴ እላለሁ፣ እትዬ! እዚያ ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር ጠብ አላደረግኩም!»

አባዬ በእመቤቴ ብሎ አይዋሽም፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ክፍሉን ቃኙ። ዐይናቸው ሥዕለ አድኅኖው ሥር ያለ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ዐረፈ። አንድ እንግዳ ከአዲስ አበባ በሻንጣው፣ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣልን ነበር። ባዶ ነው።

«እዚያ ውስጥ ምን ነበር?»

«የቱ? እሱማ ጠበል ነው። የአቦ ጠበል።»

«የት ገባ?»

አባዬ ወደ ባዶው ጠርሙስ ዞረ። ኮቱ ከአንድ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ጆሮው ቀላ።

«ትናንት ማታ...» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ድምፁ... ሕፃኑ ሲገባ እንዳያስደነግጠው ብዬ... ይባረክ ብዬ ማጠራቀሚያው ውስጥ...»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።» ከዚያ ቀና አለ። «ግን እኮ፣ እትዬ፣ ጠበል ውሃ አይደለም!»

እትዬ ለተብርሃን በጣም አስበውበት መለሱ። «ልክ ነህ። ውሃ አይደለም። ናፍጣም ግን አይደለም።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። አፋቸውን በእጃቸው ከድነው፣ በሳቃቸው ላይ አማተቡና እንደገና ሳቁ። አባዬም እያፈረ ጀመረ፤ ከዚያ አላቆመም፤ ምድጃውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወንድሜ ከተወለደ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እኔ ነገሩ ሳይገባኝ ከሁለቱም በላይ ሳቅሁ።

አባዬ አልዋሸም ነበር። ውሃ ከቧንቧ የሚወርደው ነው፤ ጠበል ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለእሱ ወንበርና ታቦትን አንድ እንደማለት ነው። ምድጃው ግን ይህን አያውቅም። ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፤ ጠበሉ ወደ ሥር ወረደ፤ ቱቦው የሚነሣው ደግሞ ከሥር ነው። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ቀድሞ የደረሰው በረከቱ ነበር፣ ናፍጣው ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

ሥራው ከዚያ በኋላ ጀመረ። እትዬ ለተብርሃን በማጠራቀሚያው ያለውን ሁሉ ማውጣት ጀመሩ፤ በድስት፣ በጠርሙስ፣ በእማዬ ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን። አባዬ ተጨነቀ። «ወደ ማጠቢያው አይደፋም፣ እትዬ። ጠበል ሰው በሚረግጠው...»

«ማን ይደፋል አለህ? እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም? በረንዳ ላይ አሰልፈው።»

ማጣሪያውን አጠቡ፤ ሸሚዝ ቀድደው ደረቅ እስኪል ወለወሉት። እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ምድጃው ሆድ ውስጥ ከትተው ድስቱን ጠረጉ፤ ጨርቁን እያወጡ በጉንጫቸው ይነኩታል፣ እርጥበት እንዳለው። ሲጨርሱ ግማሽ ፊታቸው ጥላሸት ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ተሰጠኝ። ጀሪካኑ በረንዳ ላይ ሲያድር ናፍጣው ከብርዱ የተነሣ ወፍሯል፤ የወፈረ ናፍጣ በቀጭኑ ቱቦ እንደልቡ አይወርድም። «በጋቢ ጠቅልለሽ እቀፊው» አሉኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጀሪካኑን አቀፍኩት። ከብዶኝ፣ ቀዝቅዞኝ፣ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፤ ሕፃን መያዝ እንዲህ ከሆነ እችለዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ናፍጣው ተሞላ። ማዞሪያውን ጥቂት ብቻ ከፈቱ፤ ኩሬው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሲያህል ዘጉ። የአባዬን አሮጌ ካልሲ ቀድደው፣ ናፍጣ አስነክተው፣ ለኩሰው በረጅም ሽቦ ወደ ታች አወረዱት። አባዬ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ።

«አማትብ፣ አማትብ» አሉት ሳይዞሩ። «በረከቱን ግን ከውጭ አድርገው።»

መጀመሪያ ካልሲው ብቻ ነደደ። ከዚያ በኩሬው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ነገር ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊው ቢጫ ሆነ፣ ከፍ አለ፣ «ሁፍ» ብሎ ተነፈሰ፤ ጭስ ማውጫው ተቀበለው። እትዬ ለተብርሃን በሩን ዘግተው እንደገና ማዞሪያውን በትንሹ ከፈቱ። ብረቱ መንቋቋት ጀመረ።

ክፍል ግን እንደ ምድጃ ቶሎ አይሞቅም። ነርሷ ስትደርስ እሳቱ ከተቀጣጠለ ብዙ አልሆነውም ነበር። ረጅም፣ ቀይ አፍንጫ ያላት ደግ ሴት ናት፤ ብስክሌቷን ታች አቁማ ሳሎን ገባችና የራሷን ቴርሞሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ የሕፃኑ አልጋ ላይ አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ አየች።

«አሥራ ሰባት» አለችኝ በሆላንድኛ። «ለአባትሽ ንገሪው፤ ጥሩ ጀምራችኋል፣ ግን አይበቃም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ አያለሁ።»

ለአባዬ ተረጎምኩለት። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ነርሷ ቴርሞሜትሩን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ፣ እትዬ ለተብርሃን ከነጥላሸታቸው መሐል ገቡ።

«ሶስና፣ ሻይ ሳይቀምሱ ከዚህ ቤት አይወጣም በያት።»

ተረጎምኩ። ነርሷ ሰዓቷን አየች። «አንድ ሲኒ» አለች።

በሆላንድ ሥርዓት አንድ ሲኒ ማለት አንድ ሲኒ ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ ብስኩት ይሰጣል፣ የብስኩቱ ቆርቆሮም ይከደናል። እትዬ ለተብርሃን ግን ታች ወርደው አንድ ሙሉ ህምባሻ ተሸክመው መጡ። ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው፣ የሚፋጅ ነው፤ ቶሎ አይጠጣም። ሲኒው ሲጎድል ይሞላል። ሳህኑ ሲጎድል ይሞላል። ነርሷ እጇን ሳህኑ ላይ ጋርዳ በቃኝ ስትል እትዬ ለተብርሃን ቁራሹን አፏ ድረስ አቀረቡላት።

«በሞቴ!»

እኔም በታማኝነት ተረጎምኩ፦ «ካልበሉ እሞታለሁ ይላሉ።»

ነርሷ ደነገጠች። «ታመዋል እንዴ?» ብላ ቁራሹን ቶሎ ጎረሰች።

ህምባሻው እንዴት እንደሚጋገር ጠየቀች፤ እትዬ ለተብርሃን ከአስመራ ጀመሩ። ያንን ሁሉ ስተረጉም ምላሴ ደረቀ። ነርሷ መጀመሪያ የአንገት ልብሷን ፈታች። ቀጥላ ኮቷን አወለቀች። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ሹራቧን በራሷ ላይ ስባ አወጣችና ጉንጯ ቀልቶ፣ «እዚህ ቤት ይሞቃል እኮ!» አለች።

የገዛ ቃሏን ስትሰማ ቆም አለች። ወደ ሕፃኑ አልጋ ዞረች። ጎንበስ ብላ ቴርሞሜትሩን አየች፤ እትዬ ለተብርሃንን አየች፤ ሳቀች።

«ንገሪያቸው» አለችኝ፣ «ሻዩ ለእኔ ሳይሆን ለቴርሞሜትሩ ነበር፣ አይደል?»

«ለሁለቱም በያት» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

ነርሷ ምድጃውን ዞራ አየች፤ ሌሊት ይጠፋ እንደሆነ አባዬን ጠየቀችው። አባዬ ማዞሪያውን፣ ማጠራቀሚያውን፣ ጭስ ማውጫውን በተራ እያሳየ አስረዳት፤ እትዬ ለተብርሃን እንዳሉት፣ ትንፋሹን መጀመሪያ። ከዚያ ታች ወርዳ በእትዬ ለተብርሃን ስልክ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች።

በረንዳው ላይ የተሰለፉት ዕቃዎች በማግሥቱ ሌላ ትምህርት ሆኑልኝ። ጠበሉ በየዕቃው ሥር ደርቆ በረዶ ሆነ፤ ቀዩ ናፍጣ ከላዩ ፈሳሽ እንደሆነ ነው። አባዬ ናፍጣውን ወደ ጀሪካን ገለበጠ፤ በረዶውን ጠራርጎ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለ። ሰው ከማይረግጠው አንድ ጥግ፣ የመናፈሻው አጥር ሥር ወስዶ አስቀመጠው። ብርዱ ሁለቱን እንዲህ አድርጎ እንደሚለያያቸው እትዬ ለተብርሃን ዓርብ ዕለት ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ያ ሁሉ ዕቃ በረንዳ ላይ ለምን የተሰለፈ መሰለሽ፣ ለጌጥ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማዬ ገባች። ቀጥና ነበር። እቅፏ ውስጥ ያለው ከብርድ ልብስ በስተቀር ምንም አይታይም። ደፉ ላይ ቆማ ምድጃውን በፍርሃት አየችው። ምድጃው ምንም አላለም።

«ፍቺው» አሏት እትዬ ለተብርሃን።

የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ፈታች። «አይበርደውም?»

«ፍቺው ልጄ።»

ሁለተኛውን ፈታች። ሹራቡን አወለቀች። በየመካከሉ ቀና ብላ ታያቸዋለች፤ እሳቸውም በየመካከሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ወንድሜ በአንዲት ቀጭን ሸሚዝ ብቻ፣ እግሮቹ ባዶ ሆነው፣ ሳሎናችን መካከል ተኛ። አላለቀሰም። የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጋ።

እጄን ልሰድ ስል እትዬ ለተብርሃን ያዙኝ። «ቀስ። መጀመሪያ እጅሽን ምድጃው ላይ አሙቂ።»

ምድጃው ፊት ቆሜ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ገለበጥኩ፤ ትኩስ እስኪሆን ጠበቅኩ። ከዚያ ተንበርክኬ የወንድሜን እግር በሙሉ መዳፌ ያዝኩት።

ከእጄ ይልቅ እሱ ይሞቅ ነበር።